ውሃው ሳይመጣ ከቤት ስለ መውጣት

(የክረምቱ ዝናብ ከመጥናቱ በፊት በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ኮሚቴ ስም የተነበበ ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ መዋጮ ልንነግራችሁ አልተነሣንም። እሱ ሁልጊዜም የሚነሣ ነው፤ በስብሰባው መጨረሻ ላይ መነሣቱም አይቀርም። አሁን የምናነሣው ግን ባለፈው ክረምት በመካከላችን ቅያሜ የጣለውን ጉዳይ ነው። በየቡናው ላይ ሲወራ ስለ ከረመ ለማንም አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን በሐሜት ከሚቀር በአደባባይ ቢነገር ይሻላል ብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያን ዕለት ማታ ሰማዩ በደጋው በኩል ሲያጉረመርም አምሽቶ እኛ ዘንድ ግን ካፊያ ብቻ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ወንዙ ድምፁን ለወጠ። ከኮሚቴው ሁለታችን በባትሪ ወርደን ብናየው ውሃው ደፍርሶ፥ ግንድና ገለባ እየገፋ ይወርዳል። ጊዜ አላጠፋንም፤ በወንዙ ዳር ያሉትን አሥራ አንድ ቤቶች እያንኳኳን «ውጡ» አልን። ሰባቱ ወጡ፤ አራቱ እምቢ አሉ። የወጡት ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው፥ በጭቃ እየተንሸራተቱ፥ ከአስፋልቱ ማዶ በሰው በረንዳ ላይ አደሩ። ውሃውም መጥቶ አጥሩን ነካ፤ የአንዱን ቤት ደጃፍ አራሰ፤ ሊነጋጋ ሲል ተመለሰ።

ጧት የወጡት ሲመለሱ ከአንዱ ቤት ሁለት ዶሮና አንድ ብረት ድስት የለም። አንድ ሕፃን ሳል ይዞት ሳምንት ተኛ። ያልወጡት ደግሞ በየበራቸው ቆመው «እንኳን ደኅና ገባችሁ» አሉ። ይህች ቃል ከዶሮውም ከድስቱም በላይ ቆጭታለች። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ ኮሚቴው ቢጮኽ አልሰማም» ያሉን አሉ፤ ስማቸውን አንጠራም፤ እዚሁ ተቀምጠዋል።

ጥፋት የለብንም አንልም፤ አለብን። ውጡ ብለን የት እንደሚገቡ አላዘጋጀንም። ቤታቸውን የሚጠብቅ ሰው አላቆምንም። ከኮሚቴው አንዱም ጧት ሄዶ «ይቅርታ፥ እንዴት አደራችሁ» አላለም። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ያልተቀበልነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «ውሃው ስላልገባ መውጣታችን ስሕተት ነበር» የሚለው ነው።

ለምን እንዳልተቀበልነው ለማስረዳት ትንሽ ራቅ ብለን እንሂድ።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፤ ይነገድበታል። ዝናቡ የጣለው በላይ በሐረርጌ ደጋ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ሌሊት፥ ውሃው ከተማውን መታው፤ ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ጨረሰ። በዚያው ክረምት እኛው ጎረቤት በፎገራ፥ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱንና ማሳውን ለውሃ ትቶ ወጥቷል። ሁሉም በአንድ ክረምት፥ በሳምንታት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ መለየት ያለብን ነገር አለ። ውሃ ሁለት ዓይነት ነው። ጣና ሲሞላ ቀስ ብሎ ነው፤ ዛሬ ሣሩን፥ ነገ ማሳውን፥ ከነገ ወዲያ ጓሮውን እያለ ይመጣል። ቀን ይሰጣል፤ እህል ለማውጣትም፥ ከብት ለመንዳትም፥ ለመማከርም ጊዜ አለ። በሐይቁ ዳር ያለ ዘመድ ያለው ይህን ያውቃል። የእኛ ወንዝ ግን እንዲህ አይደለም። የማክሰኝቱ ጉማራ፥ ጉመሮ ብለው የሚጽፉትም አሉ፤ ከጉና የሚወርደውና በፎገራ የሚያልፈው ሌላው ጉማራ ነው፤ የእኛው ከበላያችን ካለው ተራራና ከታረሰው ተዳፋት ውሃውን ሰብስቦ ያወርዳል። እርሻው በገፋ፥ ዛፉ በሳሳ ቁጥር ዝናቡ መሬት ውስጥ መግባቱን ትቶ በላይ በላዩ ይሮጣል። ስለዚህ እኛን የሚያጠፋን ዝናብ እኛ ላይ የሚዘንበው አይደለም፤ እኛ የማናየው ነው። «እኔ ዘንድ እኮ ካፊያ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ድሬዳዋም ያየችው ይህንኑ ነው።

ስለ ውሃው ጉልበትም ጥቂት እንበል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል፤ አሥር ኩንታል ማለት ነው። ይህ ሲሮጥ አስቡት። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳውን ይጥላል፤ ልጅ ያዘለች እናትማ አይነሣ። የጭቃ ቤታችን ደግሞ በውሃ ባይወሰድም ግድግዳው ከሥር ይርሳል፤ ውሃው ከሄደ በኋላ፥ ሰው «ተረፍሁ» ብሎ ሲተኛ፥ ሊናድ ይችላል። ዋልካውንም ታውቁታላችሁ። በደረቁ መንገድ ነው፤ ሲርስ ጫማ ይውጣል። በቀን ሩብ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ሌሊት በዋልካ ላይ፥ ሽማግሌ ደግፎ፥ ስንት እንደሚፈጅ ያን ሌሊት የወጡት ይንገሯችሁ።

ታዲያ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን አይወጣም? ግትር ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንልም። እምቢ ካሉት አራት ቤቶች ውስጥ አንዲት እናታችን አሉ፤ ማንነታቸውን ታውቃላችሁ። ያን ሌሊት በሩን ከፍተው «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው፤ ሂዱ ልጆቼ፥ ብርድ እንዳይመታችሁ» ብለው መልሰውናል። በኋላ በቀን ሄደን ቡና እየጠጣን ስንጠይቃቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጎታው ውስጥ የዓመቱ እህል አለ። ላሟ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። በሰው ቤት ማደርም አልለመዱም። «ሌሊት ሽንት ቢመጣብኝ የማንን ጓሮ ልዞር ነው?» አሉን። እንግዲህ ይህ ግትርነት ነው? ለእኛ ሂሳብ ነው። ሂሳቡ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሂሳብ ነው። ሂሳቡን ማስለወጥ የሚቻለው በጩኸት ሳይሆን ላሟንና እህሉን ቀድሞ በማሰብ ነው።

ይህን ያወቁ ሌሎች አሉ። ባንግላዴሽ የሚባለው አገር ከባሕር የሚነሣ፥ እዚያ ሳይክሎን፥ አሜሪካኖች ደግሞ ሃሪኬን የሚሉት ታላቅ ነፋስና ማዕበል ይመታዋል። በኅዳር 1963 ዓ.ም. አንዱ መጥቶ በአንድ ሌሊት 300 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች አሠልጥነው፥ በድምፅ ማጉያና በባንዲራ እየዞሩ እንዲነግሩ አደረጉ፤ የሲሚንቶ መጠለያም ሠሩ። ሆኖም ገበሬው ከብቱን ትቶ መጠለያ መግባት አይወድም ነበር። ስለዚህ ለከብቱም ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ መከመር ጀመሩ። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ሌላ ትልቅ ማዕበል ሲመጣ በዚያ አገር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቀድሞ ወጣ፤ የሞተው በአሥሮች የሚቆጠር ነበር። ይህ የሆነው በሀብት ብቻ አይደለም። የላሟን ነገር ስላሰቡበት ነው።

ሀብታሙን አገር ደግሞ እንይ። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የምትባለው ከተማ ካትሪና የተባለ ሃሪኬን ሊመታት አንድ ቀን ሲቀረው ከንቲባው ሕዝቡ ሁሉ በግዴታ እንዲወጣ አዘዘ። መኪና ያለው ወጣ። መኪና የሌለው፥ የታመመው፥ ያረጀው ቀረ። ብዙ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በቆሙበት በውሃ ተውጠው ታዩ። በዚያ ክፍለ ግዛት ከሞቱት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ ነበር። «ውጡ» ማለትና ማውጣት እንደሚለያዩ እንግዲህ ከዚህ እንማር። እኛም ያን ሌሊት ያደረግነው «ውጡ» ማለትን ብቻ ነበር።

በአገራችን የተሻለ የተሠራም አለ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፥ በታኅሣሥ ወር ከ80 ሺህ በላይ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎችን ከአደጋው ቀጣና ለማውጣት ተወስኖ ብዙ ሕዝብ ከነከብቱ ተንቀሳቅሷል። ቤት ፈርሷል፤ መንገድ ተሰንጥቋል፤ የተፈራው የሰው እልቂት ግን አልደረሰም። ያ ሕዝብ በድንኳን ተንገላቷል፤ ችግሩ ቀላል አልነበረም። ሆኖም «እልቂት ስላልደረሰ መውጣታችሁ ከንቱ ነበር» ቢባል ማን ይቀበላል?

ስለዚህ ኮሚቴው የሚለውን ልንገራችሁ። ሦስት ጊዜ በከንቱ ወጥተን አራተኛው ላይ ብንተርፍ፥ ሦስቱ ከንቱ አይደሉም፤ የአራተኛው ዋጋ ናቸው። ግን ሰው ሦስት ጊዜ እንዲወጣ መውጣቱ ቀላል፥ መመለሱ ደግሞ የማያሳፍር መሆን አለበት። ከቤቱ የወጣ ሰው ተሰርቆና ተሹፎበት ከተመለሰ አራተኛውን አይወጣም። እውነቱን ለመናገር ሹፈቱ ከጎርፉ ያላነሰ አደገኛ ሆኖብናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በዚህ ክረምት ይደረግ ብለን የተስማማነው የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ውሳኔው በሌሊት እንዳይወሰን ነው። ከሜትዎሮሎጂ የሚነገረውን ትንበያ በሬዲዮ እንሰማለን፤ ጠቃሚ ነው፤ ግን ስለ ሰሜን ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል በጠቅላላው ይናገራል እንጂ ስለ እኛ ወንዝ አይናገርም። ስለዚህ የራሳችን ምልክት ያስፈልገናል። በወንዙ ዳር ባለው ትልቁ ድንጋይ ላይ ሁለት መስመር ቀብተናል፤ ታችኛው ነጭ፥ ላይኛው ቀይ። ውሃው ነጩን ከነካና ደጋው ከጠቆረ፥ ቀን ከሆነ፥ ከብት ይነዳል፤ ሽማግሌና አራስ ይወጣል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይህ ከሆነ ሌሊቱን አንጠብቅም፤ ገና ብርሃን ሳለ እንወጣለን። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት በራሱ ያሳስባል። ውሃው ቀዩን ከነካ ግን ምክር የለም፤ ሁሉም ይወጣል። ውሃው በድንገት ደፍርሶ ግንድ መግፋት ከጀመረ መስመሩንም አንጠብቅም።

ላይ ቤት፥ በደጋው በኩል ዘመድ ያላችሁ፥ ከባድ ዝናብ ሲጥል ስልክ እንዲደውሉላችሁ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ኔትወርክ የሌለ ቀን ጆሯችንና ዓይናችን ይቀራሉ፤ ተራ ጠባቂ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ላም ትቅደም ብለናል። ይህን ሐሳብ ያመጣው አንድ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ ሳቅንበት፤ በኋላ ግን ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አገኘነው። ላሚቱ ቀድማ ወደ ላይኛው ሰፈር ከሄደች ባለቤቷ መከተሏ አይቀርም። ሦስት ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ጎረቤቶች ከብት ለማሳደር ፈቅደዋል። እህሉንም ቢሆን ሁሉንም ጎታ ማንሣት አይቻልም፤ ግን ዘርና የአንድ ወር ቀለብ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ወይም በዘመድ ቤት ይቀመጥ። መታወቂያና የይዞታ ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በአንድ ቦታ ይሁን። ሌሊት ደብተር ሲፈለግ ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ አይተናል።

የምልክቱ ነገር ብዙ አከራክሮናል። የእድሩ ጥሩምባ ይነፋ ያሉ ነበሩ። ግን ጥሩምባ የሞት ነው፤ ሌሊት ቢነፋ ሰው ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ታች፥ ወደ ወንዙ ሊሄድ ነው! የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሁን ያሉም ነበሩ፤ ዝናቡ የሚጠናው ግን በፍልሰታ ነው፤ ደወሉም በዚያ ጊዜ ለሰዓታቱና ለቅዳሴው ስለሚደወል ማን ይለየዋል? በመጨረሻ ፊሽካ ሆነ። ረጅም፥ ሳያቋርጥ፥ ከሦስት ቦታ። ልጆች በጨዋታ ፊሽካ እንዳይነፉ ወላጆች አደራ። በፍልሰታ እናቶች ልጆቻቸውን አስተኝተው ቤተ ክርስቲያን ስለሚያመሹ፥ በወንዙ ዳር ያሉ ቤቶች በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልጆችን ያለ አዋቂ እንዳይተዉ በተለይ እንጠይቃለን።

የት ይገባል ለሚለው፥ አሥራ አንዱ ቤቶች እያንዳንዳቸው ከላይኛው ሰፈር አንድ አንድ ተቀባይ ቤት ተመድቦላቸዋል። በረንዳ አይደለም፤ ቤት ነው። ተቀባዮቹ አስቀድመው እንግዶቻቸውን ቡና ይጥሯቸው፤ የግቢውን በር፥ ሽንት ቤቱን፥ የውሻውን ነገር ያሳዩዋቸው። ያኔ ሌሊት የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን ዘመድ ይሆናል። ለተለቀቁት ቤቶች ጥበቃ ከከፍታው ላይ ሆነው የሚያዩ አራት ሰዎች ይመደባሉ። ወደ ታች አይወርዱም፤ ዕቃ ለማዳንም ቢሆን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬት ሲናድ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ደርሶባቸው ከ220 በላይ ሕዝብ አልቋል። በዚያው ክረምት በሰሜን ጎንደር በጠለምት ናዳ ሰው ገድሎ ከሁለት ሺህ በላይ አፈናቅሏል። እግዚአብሔር ያሳርፋቸው። ስለዚህ የወጣ ሰው ለዶሮም ለድስትም አይመለስ። የጠፋ ዕቃ ቢኖር ማኅበሩ ከመዋጮው ላይ በአቅሙ ይተካል፤ ይህ በስብሰባው ጸድቋል። ያለፈው ዓመት ድስትና ዶሮም ተተክቷል፤ ድስቱ አዲስ ስለሆነ ባለቤቷ አትርፋለች እየተባለ ነው።

በግድ የማውጣት ሥልጣን የለንም፤ አንፈልግምም። ዐዋቂ ሰው አልወጣም ካለ በሩን ሰብረን አንጎትትም። ስለ ልጆች ግን እንለምናለን፤ እናንተ ብትቀሩ እንኳ ልጆቹን ስጡን። በዚህ ላይ ከኮሚቴው ውስጥም ያልተስማሙ አሉ፤ አንዳንዶቻችን ከዚህም በላይ መሄድ አለብን እንላለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ቤተሰብ መነጣጠል ራሱ አደጋ ነው እንላለን። ይህ አላለቀም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሣል።

እናታችን ላሟ ቀድማ እንድትሄድ ተስማምተዋል። ስለራሳቸው ግን «እስቲ እናያለን» ብለዋል። ከባለፈው ዓመት መልሳቸው ጋር ሲተያይ ብዙ መንገድ ነው።

የቤቶቹና የተቀባዮቹ ዝርዝር ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል፤ ስማችሁን ተመልከቱ፤ ስሕተት ካለ እስከ መጪው እሑድ አርሙ። ከዝርዝሩ በሁለት ቤቶች አንጻር ያለው ቦታ ባዶ ነው። አንደኛው ዓይናቸው የማያይ አባታችን ያሉበት፥ ሁለተኛው ልጃቸው መራመድ የማይችል እናት ያሉበት ነው። ለእያንዳንዳቸው በሌሊት ሊሸከሙ የሚችሉ ሁለት ሁለት ጎልማሶች ያስፈልጋሉ። እስከ አሁን አንድ ሰው ብቻ ተመዝግቧል። እርሳሱ ከሰሌዳው ጋር በገመድ ታስሯል።